ባለማግኔቱ የሄደበት ክረምት

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ይህ ደብተር ለሥራ ብቻ ነው። የሌዘሩ ጉልበት፣ የዱቄቱ ፍሰት፣ የዘንጉ ሙቀት፣ የጥቅልሉ ኃይል። ሌላ ነገር አይጻፍበትም። እስከ ባለፈው ሳምንት እነዚህን ቁጥሮች የሚይዘው ባለማግኔቱ ነበር። ደብተሩን ይዞት ሄደ። የራሱ ነው፣ መብቱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ስገባ ሁለቱን የመዳብ ጥቅልሎች ላስቲክ አልብሰዋቸዋል። ማን እንዳለበሳቸው አልጠየቅሁም። አጠገቤ የሚሠራው ሽማግሌው ባለቶርኖ፣ "ምነው ቆመሽ ቀረሽ? ማግኔት የሚስበው ብረት ብቻ ይመስለኝ ነበር" አለኝና በራሱ ቀልድ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ኃላፊው ሪፖርት ጻፊ ማለቱ ስለማይቀር ከአሁኑ ልለማመድ። የኛ ሥራ ያረጀ ዘንግ ማደስ ነው። የውኃ ፓምፕ ዘንግ ሲበላ፣ የተበላው ቦታ ላይ የብረት ዱቄት እየነፋን በሌዘር እናቀልጠዋለን፤ ይረጋና አዲስ ልባጥ ይሆናል። ችግሩ ቶሎ መርጋቱ ነው። አየር ውስጡ ታፍኖ ይቀርና ቀዳዳ ይሆናል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰነጠቃል። ባለማግኔቱ ከዘንጉ ግራና ቀኝ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ማግኔት የሚሆን ጥቅልል አቆመ። የማግኔቱ ጉልበት የቀለጠውን ብረት ሳይነካው ያማስለዋል፤ አየሩም ብረቱ ሳይረጋ ይወጣል። "የማይታይ ማማሰያ" ይለው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሲስቅበት እሱ ጥቅልሉን ሲጠመጥም ኖረ።

ግንቦት 8 የመጀመሪያውን የማግኔት ዘንግ ለበጥን። ግንቦት 12 ተገጠመ። በዘጠነኛው ቀን ልባጡ ተቀርፎ ፓምፑን አቆመው፤ አንድ ሰፈር ሁለት ቀን ውኃ አጣ። ባለማግኔቱን የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ወደብ ላይ ወዳለው ቅርንጫፍ፣ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ላኩት። ለጊዜው ነው ተብሏል። የውኃ ድርጅቱ ምትክ ዘንግ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይፈልጋል። ኃላፊው፣ "ይህን ክረምት ሞክሩት። ካልሆነ ጥቅልሉ ይፈታል፣ ሰውየውም እዚያው ይቀራል" አለ።

ስለዚህ ሥራ አለብኝ።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

ጊዜ የለም። ሌዘር ሁለት ሺህ ዋት። ዱቄት በደቂቃ ሃያ ግራም። ዱቄቱ ደርቋል፣ ሁለት ሰዓት፣ 120 ዲግሪ። ደርቋል። ቆሜ ነው የጠበቅሁት። የምድጃው መዝገብ ላይ ፈርሜያለሁ።

ሰኔ 9፣ እሑድ

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። እናቴ ራዲዮኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። "ያ ልጅ ደህና ነው?" አለችኝ። የትኛው ልጅ አልኳት፤ ራዲዮኑን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። አርባ ዓመት ያለፈውን ሰውዬ ልጅ ትለዋለች።

ዘንጉ ተቀርፎ ሲመለስ የተደረገውን ስብሰባ መጻፍ አልፈለግሁም ነበር። ግን ሌላ ነገር ልጽፍ ስል እሱ ነው የሚመጣው። ኃላፊው የተቀረፈውን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ወረወረና፣ "ይሄ የማን ሥራ ነው?" አለ። የኛ መሥሪያ ቤት ሲያምር ሁሉም አባት ነው፣ ሲበላሽ ልጁ ወላጅ አልባ ይሆናል። ባለማግኔቱ ተነሳ። "ማግኔቱ የኔ ነው። ጥፋት ካለም የኔ ነው" አለ። ከዚያ ለአንድ አፍታ ወደ እኔ አየ። እኔ የጫማዬን ክር እያየሁ ነበር። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እውነት ነው፣ አልገባም።

ምን ልል እችል ነበር? ዱቄቱን የነፋሁት እኔ ነኝ፤ ያ ይታወቃል። ያን ቀን ትንሽ ቸኩዬ ነበር። ሰው አይቸኩልም እንዴ?

ስለ ግንቦት 8 ሳስብ ትዝ የሚለኝ ዘንጉ አይደለም። ጠዋት ጥቅልሎቹን አስተካክሎልኝ ከሰዓት በኋላ ለልኬት ወደ ውኃ ድርጅቱ ሄደ። ሲወጣ፣ "አስራ አንድ ሰዓት በሩ ላይ ነኝ። ዛሬ አውቶቡሱን ትተን በእግር እንሂድ፣ አለቃ" አለኝ። አለቃ የሚለኝ ማሽኑን የምነዳው እኔ ስለሆንኩ ነው፤ ከደመወዝ ጋር ግንኙነት የለውም። እስከ እኛ ቤት በእግር አንድ ሰዓት ይፈጃል። ያካፋ ነበር። የሱ ጃንጥላ በአንድ በኩል አጥንቱ ተሰብሯል፤ በተሰበረው በኩል እሱ ሄደ። ስለ አየር ቀዳዳ አወራኝ፣ እንዴት እንደሚወለድ፣ እንዴት እንደሚያድግ፣ ለምን መውጫ እንደሚያጣ። መንገድ ላይ ብርቱካን ገዛና ልጦ ትልቁን ግማሽ ለኔ ሰጠኝ። ብርቱካን ትልቅና ትንሽ ግማሽ እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ቤት ስንደርስ እናቴ ግባ አለችው፣ ገባ፣ ራዲዮኑን ፈታ፣ አንዲት ሽቦ በጥሶ ቀጠለና ዘፈነ። ራዲዮኑ ነው የዘፈነው። እሱ ድምፅ የለውም።

ናፍቆት አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ሰው ስላነሰ ነው።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

ያለ ማግኔት ለበጥን፤ ኃላፊው ማነጻጸሪያ ይኑር ስላለ። ዓይናማዋ ቆርጣ፣ አለስልሳ፣ ማይክሮስኮፕ ስር አየችው። (ላቦራቶሪውን የምትይዘው ሴት ናት፤ ዓይናማ የምንላት ሌላው ሰው አጉሊ መስታወት ይዞ የማያየውን በባዶ ዓይኗ ስለምታይ ነው። ወሬም ቢሆን።) በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር አርባ አንድ ቀዳዳ፣ ሦስት ስንጥቅ። "እንደ ድሮው ነው" አለች። እንደ ድሮው።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

ላስቲኩን ገፈፍኩት። ጥቅልሎቹን እሱ በተወበት ልክ አቆምኩ። የድሮ ልኩን ከየት አገኘሽ አትበሉኝ፤ መሬቱ ላይ በጠመኔ ያሰመረው መስመር አሁንም አለ። ጽዳት ላይ ያለችውን ሴትዮ እዚያ ጋ እንዳትጠርግ ለምኛት ነበር።

ዱቄቱን ሁለት ጊዜ አደረቅሁት። አንዴ ለሕጉ፣ አንዴ ለራሴ። ባለቶርኖው ከምድጃው ፊት ወንበር ይዤ ተቀምጬ አየኝና፣ "ምነው፣ ልታገቢው ነው እንዴ ዱቄቱን?" አለኝ።

ውጤት፦ አራት ቀዳዳ። ስንጥቅ የለም። ዓይናማዋ ሁለቴ ቆጠረች። ምንም አልለወጥሁም። ኃይሉም፣ ርቀቱም፣ ድግግሞሹም (ማግኔቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ አቅጣጫ እንደሚለዋውጥ)፣ ሁሉም እሱ እንደተወው ነው።

ሰኔ 20

ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ትናንት ማታ ከሥራ ስወጣ ከዱቄቱ በሳህን አድርጌ መስኮቱ ስር ተውኩት። ለምን እንደተውኩት ለማንም አልተናገርኩም። ሌሊቱን ዘነበ። ዛሬ ጠዋት ሌሎቹ ሳይገቡ በዚያ ዱቄት፣ በዚያው ማግኔት፣ አንድ አጭር ቁራጭ ለበጥሁ። ሲነፋ ድምፁ ራሱ ይለያል፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ትንፋሽ ይቆራረጣል። ይህን ድምፅ ሰምቼው አውቃለሁ።

ቁራጩን ቁጥር ሳልሰጠው ለዓይናማዋ ሰጠኋት። አየችና ራሷን አነሳች። "ይሄ ከተመለሰው ዘንግ የተቆረጠ ነው?"

አዎ አልኳት።

"ቀዳዳው ሁሉ ከታች ነው፤ ልባጡና ዘንጉ ሲገናኙ። ለዚህ ነው የተቀረፈው" አለችኝ። ከዚያ፣ "ማግኔቱ ይሄንን ሁሉ ማውጣት ነበረበት። ምን በዛበት?" ብላ ራሷን ጠየቀች። እኔን አልጠየቀችኝም። ግን እስክወጣ ድረስ ዓይኗን አላነሳችብኝም፣ ማለቴ ከኔ ላይ አላነሳችም። ጨርሶ መጻፍ አቅቶኛል።

ሐምሌ 7፣ እሑድ

እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላው ሸርተት አለባትና ሳህኑ ተገለበጠ። ወለሉ ላይ ተንበርክካ እየለቀመች፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለች። ስለ ራሷ ነው። ግን እኔ ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ልጻፈውና ይውጣልኝ። ግንቦት 8 ዱቄቱን አላደረቅሁትም።

ዝናቡ ከዚያ ሳምንት ነበር የጀመረው። ዱቄት እርጥበት ይጠጣል፤ ከመነፋቱ በፊት ሁለት ሰዓት ምድጃ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ያደረቀው ሰው የምድጃው መዝገብ ላይ ይፈርማል። የመሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያ ሕግ ነው፤ እኔ ራሴ ስንት ሰው አስተምሬበታለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ምድጃው በሌላ ዕቃ ተይዞ ነበር። ዘጠኝ ላይ ተለቀቀ። ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ላደርቅ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ልለብጥ፣ ስወጣ ጨልሟል። በእጄ ዘግኜ አየሁት። ደረቅ መሰለኝ። እንዲመስለኝ ፈልጌ ነው የመሰለኝ። የመዝገቡን መስመር ባዶ ትቼው ነፋሁት። አስር ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሼ እጄን ታጠብሁ። ፀጉሬንም አስተካከልሁ። ይህን መጻፍ ያስፈልግ ነበር?

የሱ ማግኔት ምንም አልሆነም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሠራ ነበር። ውኃ የጠጣ ዱቄት ሰጥቼው፣ አንድ ማማሰያ ስንቱን ያውጣ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ውሻዋ ደግሞ የምትጮኸው ደብተር ላይ ነው።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ሪፖርቱን አስገባሁ። የሰኔ 19 ውጤት፣ ሌሎች ሦስት ሙከራዎች፣ ሁሉም ከአምስት ቀዳዳ በታች። "የግንቦቱ ዘንግ የተበላሸበት ምክንያት" የሚል ክፍል አለው። ባዶ ተውኩት። ኃላፊው አነበበና መነጽሩን አወለቀ። "አየሽ፣ አንቺ ስትይዢው ተስተካከለ" አለኝ።

"እኔ ምንም..."

"ተይ እባክሽ። ትሕትናም ሲበዛ ይሰለቻል።"

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሊለጥፈው ነው።

ሐምሌ 16

ለጠፈው። "የማግኔቱን ስህተት ያረመች ባለሙያ።" በትልቁ። ሰው ሁሉ ሰላም ይለኛል። ባለቶርኖው ግን ሰሌዳው ስር ቆሞ ሲያነብ ቆይቶ፣ ለራሱ ይሁን ለኔ አላውቅም፣ "ጥቅልሉን የጠመጠመው እጅ ግን ስም የለውም ማለት ነው" ሲል ሰማሁት።

ደጋግሜ የማስበው ይህንን ነው፦ ዝም ብል ጥቅልሉ ይተርፋል። ጥቅልሉ ከተረፈ እሱ ይመለሳል። እንግዲህ ዝም ማለቴ ለሱ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ አላመንኩትም።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ

ደወለ። በቢሮው ስልክ። ጸሐፊዋ ስትጠራኝ መሄድ ሳይሆን መሮጥ ነው የሆነብኝ።

"አለቃ፣ እንኳን ደስ አለሽ።"

"ማን ነገረህ?"

"ግምጃ ቤት እኮ ነው ያለሁት። ወሬ ከዕቃ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።"

ድምፁ ደህና ነው። ትንሽ ሻክሯል። የባሕሩ ንፋስ አልተስማማው ይሆናል። ምን ትበላለህ፣ የት ትተኛለህ ልለው ስል እሱ ቀደመኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌሊት ሌሊት እሱን ነው የማስበው። ምን ለወጥሽ?"

ጸሐፊዋ አጠገቤ ወረቀት እየቀዳደደች ነበር። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"ድግግሞሹን ትንሽ ዝቅ አደረግሁት።"

"ስንት?"

"ከሃምሳ ወደ ሠላሳ አምስት።"

"ሠላሳ አምስት" አለ። የመርከብ ጡሩንባ ይሁን የመኪና አላወቅሁም፣ ከኋላው ይጮኻል። "እንግዲያው ስህተቱ የኔ ነበራ። ማወቁ ጥሩ ነው።"

"ቻው" አለኝ። አለቃ አላለኝም።

ሐምሌ 21፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ዋልኩ። እናቴ ግንባሬን በእጇ ለካችና፣ "ትኩሳት የለሽም። እንግዲህ ሌላ ነው" አለች። ታላቅ እህቴ ልጆቿን ይዛ መጥታ ነበር፤ "ምን ሆነች?" ስትላት እናቴ፣ "ተዪያት፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ስትላት ከውስጥ ሰማሁ። ይህቺ ሴትዮ ምን ያህል ታውቃለች?

ሠላሳ አምስት። ቁጥሩ ከየት መጣልኝ? ዕድሜዬ ነው። ሌላ ቁጥር በአፌ አልነበረም።

አንድን ሰው በሥራው መዋሸት በሌላ ነገር ከመዋሸት ይብሳል። አሁን እዚያ ግምጃ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ አራት ዓመት ሃምሳ ላይ ያቆመውን ነገር ሠላሳ አምስት ላይ አድርጎ እንደገና እያሰላ ነው። እያሰላም አይገጥምለትም። እኔ ነኝ ያላስገጠምኩለት።

ነሐሴ 1

ዝናብ። ሥራ። ዱቄት ደርቋል። ሰው ይናፍቃል። ማለቴ ሰው ያንሳል።

ነሐሴ 8፣ ረቡዕ

የውኃ ድርጅቱን ዘንግ ለበጥን። ዓይናማዋ ቀዩን ፈሳሽ ቀብታ፣ ጠርጋ፣ ነጩን ዱቄት ነሰነሰችበት። ስንጥቅ ካለ ቀዩ በነጩ ላይ እንደ ክር ብቅ ይላል። አስር ደቂቃ ሁላችንም ዘንጉን ከበን ቆምን። ነጭ ነው። ከዳር እስከ ዳር ነጭ። ባለቶርኖው ባርኔጣውን አወለቀ። አጨበጨቡልኝ።

ኃላፊው ወደ ቢሮው ጠራኝ። ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አለ።

"የሱን ዝውውር ቋሚ ላደርገው ነው" አለኝ።

"ጥቅልሉ እኮ ሠራ! እርስዎ ራስዎ ካልሆነ ነው እዚያ የሚቀረው ብለው..."

"ሠራ፣ ባንቺ። ስህተቱን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። እሱ ራሱ ትናንት ጻፈልኝ፤ ድግግሞሹ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ እሷ በደንብ ይዛዋለች፣ እኔን መመለስ አያስፈልግም ይላል። ጨዋ ሰው ነው። ሰኞ ስብሰባው ላይ አሳውቄ እፈርማለሁ።"

ከቢሮው እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ሰማይ ተደፋብኝ ቢባል ይቀላል። እንዲመለስ ብዬ የያዝኩት ዝምታ ነው እዚያ ያስቀረው።

ነሐሴ 9፣ ሐሙስ

የምድጃውን መዝገብ ልወስድ በጠዋት ገባሁ። የግንቦት 8ን ባዶ መስመር ኃላፊው ፊት አስቀምጬ፣ ይኸው፣ አልደረቀም ልለው። ማስረጃ ሌላ የለኝም። ያንን ገጽ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመግለጥ ደፍሬ አላውቅም።

መስመሩ ባዶ አይደለም።

ግንቦት 8። ሙቀት፦ 120። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ያደረቀው፦ የሱ ፊርማ። ሰባትን ወገቧ ላይ በሰረዝ ነው የሚቆርጣት፤ ከሺህ ሰባት መሀል አውቃታለሁ።

አንድ የዱቄት በርሜል ላይ ቁጭ አልኩ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ እሱ ውኃ ድርጅቱ ነበር። ሄጄ የጥበቃውን መዝገብ አየሁ፦ የወጣው ስድስት ተኩል፣ ተመልሶ በሩ ላይ የደረሰው ለአስራ አንድ አስር ጉዳይ። እንግዲህ ዘንጉ ሲመለስ፣ ከስብሰባው በፊት፣ መጥቶ መዝገቡን ገልጦታል። ባዶውን መስመር አይቶታል። ማግኔቱ ንጹሕ መሆኑን የሚናገር አንድ ማስረጃ በዓለም ላይ ነበር፣ እሱንም በገዛ እጁ ሞላው።

ያውቅ ነበር። ስብሰባው ላይ ሲያየኝ ያውቅ ነበር። ስልኩ ላይ "ምን ለወጥሽ" ሲለኝ ያውቅ ነበር። እኔ ደግሞ ሠላሳ አምስት አልኩት፣ እሱም እሺ ብሎ ተቀበለኝ፣ ቁጥሩንም ወስዶ ለኃላፊው ጻፈልኝ።

ባለቶርኖው መጥቶ አየኝ፣ ምንም ሳይቀልድ የራሱን ጃኬት ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ማሽኑ ተመለሰ።

ነሐሴ 13፣ ሰኞ

ተናገርኩ።

ኃላፊው ደብዳቤውን ሊያነብ ሲል ተነሳሁ። መዝገቡን ከፈትኩ፤ በመስመሩ ላይ "አልደረቀም" ብዬ ጽፌ ስሜን ፈርሜበታለሁ። የጥበቃውን መዝገብ አጠገቡ አደረግሁ። የሐምሌ 2ን ቁራጭም አወጣሁ። "ይህ ከተመለሰው ዘንግ የተቆረጠ አይደለም፣ ዋሽቻለሁ። በእርጥብ ዱቄት እኔ የሠራሁት ነው። ማግኔቱ ስህተት አልነበረበትም። ምንም አላረምኩም። አንድ ቁጥር እንኳን አልነካሁም" አልኩ።

ዓይናማዋ፣ "ቁራጩ ከዘንጉ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። የዘንጉን ቆርጬ ካነጻጸርኩት ወር አለፈው። መቼ ትመጪ ይሆን እያልኩ ነበር" አለች። ስንት ሰው ነው ሲጠብቀኝ የከረመው?

ኃላፊው መዝገቡን ዘጋ። ከዚያ የጠየቀኝ ያልጠበቅሁትን ነው።

"አስራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሳታደርቂ ነፍተሽ አታውቂም። ያን ቀን ለምን ቸኮልሽ?"

"ሰው ይጠብቀኝ ነበር።"

"ማን?"

ባለቶርኖው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "ኃላፊ፣ እሱ እንኳን የምድጃው መዝገብ ላይ አይገባም" አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ መሰለኝ።

ነሐሴ 16፣ ሐሙስ

ውሳኔ። የዝውውሩ ደብዳቤ ተቀደደ። እሱ ወደ ጥቅልሉ ይመለሳል፤ ሰሌዳው ላይ የኔ ወረቀት ወርዶ የሱ ስም ተጽፏል። እኔ ለአንድ ዓመት ከሌዘሩ ተነስቻለሁ። ግምጃ ቤቱ ደግሞ ሰው አልባ አይተውም። በሱ ቦታ እኔ እሄዳለሁ።

"ክፋት አይደለም። ያለኝ ሰው አንቺ ነሽ" አለኝ ኃላፊው። ክፋት እንዳልሆነ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ስለዚህ አልተከራከርኩም።

እሱ የሚመጣበት ቀን ነሐሴ 25። እኔ የምሄድበት ቀን ነሐሴ 25።

ነሐሴ 18፣ ቅዳሜ

እኔ ነኝ የደወልኩት።

"መዝገቡን ምን ብለሽ ነካሽው?" አለኝ። ተቆጥቷል። ሲቆጣ ሰምቼው አላውቅም።

"አንተስ ምን ብለህ ነካኸው?"

"አንቺ ከሌዘሩ ከተነሳሽ ማግኔቱን ማን ያሠራዋል ብዬ ነዋ።"

"በዚህ ብቻ?"

"ሌላም አለው።"

"ምን?"

"ሰው አለ አጠገቤ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚ፣ የዚህም የዚያም አውቶቡስ ለምሳ የሚቆሙት አንድ ቦታ ነው። ግማሽ ሰዓት ነው የሚቆሙት። ሾፌሩን ጠይቄዋለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የጠየቅኸው?"

"ሐሙስ። ወሬው እንደደረሰኝ።"

ነሐሴ 25፣ ቅዳሜ፣ አውቶቡስ ውስጥ

እጄ እየዘለለ ነው የምጽፈው፤ መንገዱ ተቆፋፍሯል።

እናቴ ጠዋት አላለቀሰችም። "ዓመት ምን አላት፣ እህትሽ አለች" አለችና ሻንጣዬን ራሷ ዘጋችው።

የኔ አውቶቡስ ቀድሞ ደረሰ። የሱ ዘገየ። ግማሽ ሰዓቱ አስራ ስምንት ደቂቃ ሆነ። ሲወርድ አየሁት፤ ከስቷል፣ ያው ኮት ነው፣ በብብቱ ደብተሩን ይዟል። መጨባበጥ ይሁን ሌላ ነገር ሳንወስን ሁለታችንም ቆመን ቀረን። ከዚያ ስለ ሥራ አወራን፤ አምላክ ይቅር ይበለን፣ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ስለ ሥራ አወራን። የጥቅልሉ ማቀዝቀዣ ውኃ በግራ በኩል እንደሚያፈስ ነገርኩት። እሱ የግምጃ ቤቱ በር ሲከፈት ወደ ላይ ማንሳት እንዳለብኝ ነገረኝ።

ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ነው አፌ የተፈታው። "ያን ቀን የቸኮልኩት በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ ስላልከኝ ነው። ሁለት ሰዓት ብዘገይ ትሄዳለህ ብዬ ፈራሁ። በቃ ይኸው ነው። አንድ ሰፈር ውኃ ያጣው በዚህ ነው" አልኩት።

ሲስቅ ወይ ሲያዝን አልለየሁትም። "ለዚህ?" አለ። "ዱቄቱ ገና ነው ብለሽ በጥበቃው ብትልኪብኝ እኮ እጠብቅሽ ነበር። ሁለት ሰዓት ምን አላት? እስክትወጪ ነበር የምጠብቀው። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ስወጣ ቀስ ብዬ የምወጣው ለምን መሰለሽ?"

ረዳቱ ጮኸብኝ። እጄን ያዘ፣ በሁለት እጁ፣ ደብተሩ መሬት ወደቀ። ተሳፈርኩ። በመስኮቱ ሳየው ጭቃውን ከደብተሩ ላይ በእጅጌው እየጠረገ ወደኔ ነው የሚያየው፤ የሱም አውቶቡስ ጡሩንባ እየነፋበት ነው፣ አልሰማም።

ይህን ደብተር ስጀምር ለሥራ ብቻ ነው ብዬ ነበር። ውሸት ነው፣ እሱንም ላርመው። ናፍቆኛል። ከሰኔ ጀምሮ በየቀኑ ናፍቆኛል። አሁንም ናፍቆኛል፤ ከተለየሁት ገና አርባ ደቂቃ ነው።